ማመልከቻዬ የት ላይ ወደቀ?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፤ አመልክቶ ለቃለ መጠይቅ ሳይጠሩ መቅረት። መልሶቹን ያዘጋጁት በሠራተኛ ምልመላ ሥራ ላይ ያሉ የሰው ሀብት ባለሙያዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአካውንቲንግ በ3.4 ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ብዙ ማስታወቂያ ላይ ባመለክትም የሚጠራኝ የለም። ወረቀቴን የሚያየው ሰው ምን ፈልጎ ነው የሚጥለኝ? (ከአዳማ)

መልስ፦ መጀመሪያ ወረቀትዎን የሚያየው ሰው ጎበዙን እየፈለገ አይደለም። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን ካቀረቡት ማስረጃ ጋር እያመሳከረ ነው።

ምዝገባው እንደተዘጋ የሁሉም አመልካቾች ስም በኤክሴል ይመዘገባል፤ ይህ ሎንግ ሊስት ይባላል። ከስሙ ቀጥሎ የትምህርት ዓይነት፣ የትምህርት ደረጃ፣ የምረቃ ዓመት፣ ውጤት፣ አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ በዓመትና በወር፣ ማስታወቂያው የጠየቀው ተጨማሪ ችሎታ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ምርመራ» የሚል ዓምድ አለ። መዝጋቢው ለአንድ ሰው ቢበዛ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው የሚሰጠው። የሚፈልገውን ካላገኘ ደውሎ አይጠይቅም፤ «አያሟላም» ብሎ ያልፋል። ማስታወቂያው «ፒችትሪ (የሒሳብ መያዣ ሶፍትዌር) የሚችል» ብሎ የእርስዎ ሲቪ «የኮምፒዩተር ችሎታ አለኝ» ብቻ ካለ፣ ፒችትሪን አሳምረው ቢያውቁትም ዓምዱ ባዶ ይቀራል።

መስፈርቱን ያሟሉት ሲለዩ ገና ሁለተኛው ዙር ይቀራል። ለአንድ መደብ ስልሳ ሰው ካሟላና ድርጅቱ የሚጠራው አሥር ሰው ከሆነ፣ ማስታወቂያው ላይ ያልተጻፈ መቁረጫ ይመጣል። ለአዲስ ምሩቃን መደብ አብዛኛውን ጊዜ ውጤት ነው፤ 2.75 የተጠየቀበት ቦታ ላይ መቁረጫው 3.2 ሊደርስ ይችላል። ልምድ ለሚጠይቅ መደብ ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ ይጠራና ልምዱ ለሥራው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ያያል። ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች በዚህ ቦታ የጽሑፍ ፈተና ያስገባሉ።

ወደ እርስዎ ስንመጣ ውጤትዎ የሚያስጥል አይደለም። የምንጠረጥረው ዓመቱን ነው። ሦስተኛ ዓመትን መያዝና ሦስት ዓመት መሙላት ይለያያሉ፤ 3 ዓመት በሚጠይቅ መደብ 2 ዓመት ከ10 ወር «አያሟላም» ነው። ሲቪዎ «3 ዓመት» ብሎ ደብዳቤው ያነሰ ካሳየ ደግሞ ሌላውም ጽሑፍዎ ይጠረጠራል። ሁለተኛው የሥራ መደብዎ ስም ነው። ገንዘብ ያዥ ሆነው ሠርተው ለአካውንታንት ሲያመለክቱ ልምዱ «በቀጥታ አግባብነት የለውም» ሊባል ይችላል። ሲሠሩ የነበረው የባንክ ማስታረቂያ፣ የወር መዝጊያና የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ ከሆነ ይህ በደብዳቤው ላይ በዝርዝር እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ።

ከዚያ የሲቪዎን የመጀመሪያ ገጽ የላይኛውን ግማሽ ለማስታወቂያው ይስጡት። መስፈርቶቹን በማስታወቂያው ቅደም ተከተልና በራሱ ቃላት ደርድረው በእያንዳንዱ ትይዩ የእርስዎን ይጻፉ። የትውልድ ቦታ፣ የትዳር ሁኔታና «መጽሐፍ ማንበብ እወዳለሁ» የሚለው ያንን ውድ ቦታ መያዝ የለባቸውም።

ጥያቄ፦ ከግል ድርጅት ያገኘሁት የሥራ ልምድ ማስረጃ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ምዝገባ ላይ «ግብር መከፈሉን አይገልጽም» ተብሎ ተመለሰብኝ። ድርጅቱ አሁን ተዘግቷል። ምን ላድርግ? (ከደሴ)

መልስ፦ ይህ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ በእውነት የሠራውም አብሮ መውደቁ ነው። የግል ድርጅት ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት እንዲሆን የሚጠየቀው፣ ያልተሠራን ልምድ በወዳጅ ድርጅት ማኅተም ማስጻፍ ቀላል ስለሆነ ነው። የግብር መዝገቡ ግን በየወሩ የተያዘ ስለሆነ ወደ ኋላ ተመልሶ መፍጠር ይከብዳል።

የማይመለስ ደብዳቤ የወጪ ቁጥርና ቀን፣ ሙሉ ስም፣ የሥራ መደቡ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተሠራ በቀን፣ በወርና በዓመት፣ የወር ደመወዝ፣ የሥራ ግብር መከፈሉን፣ የፈራሚውን ስምና ኃላፊነት፣ ማኅተም ይይዛል። በመካከል እድገት ካገኙ እያንዳንዱ መደብ ከነጊዜው መለየት አለበት። አለበለዚያ ሁሉም በመጨረሻው መደብ ይቆጠራል፣ ወይም ጨርሶ አይያዝም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ሠራተኛው ሥራውን ሲለቅ ብቻ ሳይሆን በጠየቀም ጊዜ። ስለዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ድርጅቱ ሳይዘጋ፣ አለቃው ሳይቀየር አሁኑኑ ጠይቁ። ግብር የሚለውን ግን ራሳችሁ አስጨምሩ።

የእርስዎ ድርጅት ስለተዘጋ ሁለት መንገድ ይሞክሩ። አንደኛው ድርጅቱ ግብር ይከፍልበት የነበረው የገቢዎች መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ነው፤ በየወሩ የሚቀርበው የደመወዝ ግብር ማሳወቂያ የሠራተኞችን ስም ይዟል። ሁለተኛው የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። ከእርስዎ ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ገቢ ከተደረገ መዝገብ ይኖራል። ከሁለቱ አንዱን ከቀድሞው ደብዳቤ ጋር አያይዘው ያቅርቡ፤ ደመወዝ የገባበት የባንክ ዝርዝር ቢጨመር ይረዳል፣ ብቻውን ግን በቂ አይሆንም።

በዚሁ አጋጣሚ የቀን አቆጣጠርን እናንሳ። መስከረም 1 ቀን 2013 ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን 2015 የለቀቀ ሰው 2 ዓመት ከ10 ወር ሠርቷል። ሲቪው ላይ መጀመሪያውን በኢትዮጵያ፣ መጨረሻውን በፈረንጆች አድርጎ «ከ2013 እስከ 2023» ብሎ ከጻፈ ግን አሥር ዓመት ይመስላል፤ መዝጋቢው ተሳስቷል ብሎ አይራራም፣ አጭበርብሯል ይላል። አንዱን አቆጣጠር መርጦ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» እያሉ እስከ መጨረሻ መጻፍ ነው።

ጥያቄ፦ ለአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት በድረ ገጹ አመልክቼ በአሥር ደቂቃ ውስጥ «አልተመረጡም» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። በዚህ ፍጥነት ማን አነበበው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሰው አላነበበውም። ፎርሙ ላይ «የማስተርስ ዲግሪ አለዎት?»፣ «በዘርፉ 5 ዓመት ሠርተዋል?» የሚሉ ጥያቄዎች አሉ። አንዱ ላይ ተፈላጊው መልስ ካልተሰጠ ሲስተሙ ወዲያው ይጥላል። ከችኮላ የተነሳ በስህተት «የለም» የሚል፣ ወይም የዓመት ሳጥኑን ባዶ የሚተው ብዙ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶችን በመሳሰሉ ቦታዎች ዋናው ሰነድ ራሱ ፎርሙ ነው። «ሲቪዬን ይመልከቱ» ብሎ የሥራ ዝርዝር ሳጥኑን ባዶ መተው ልምድ የለኝም እንደማለት ይቆጠራል። የሚያያዘው ሲቪ ደግሞ በሞባይል የተነሳ ፎቶ መሆን የለበትም፤ ከዎርድ በቀጥታ ወደ ፒዲኤፍ ይቀየር። የፎቶ ጽሑፍን ብዙ ሲስተሞች አያነቡም፤ በሠንጠረዥና በሁለት ዓምድ የተሠራ ሲቪም ሲነበብ ይዘበራረቃል።

ጥያቄ፦ በአንድ ፋብሪካ የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝ። ለሁለት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ መደብ ከ700 በላይ ማመልከቻ መጣ። አለቃዬ ውጤት ከፍ አድርገሽ ቁረጪ ይላል። ሌላ መንገድ አለ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አለ፤ ስለጠየቁም እናመሰግናለን። የሁለት ዩኒቨርሲቲ 3.0 እኩል አይደለም፤ የዕቃ ቆጠራ ጥንቃቄንም አይለካም።

ማመልከቻ ከመክፈትዎ በፊት መስፈርቱን በሁለት ይክፈሉ፦ ከሌለ የማይታለፍና ቢኖር የሚመረጥ። የማይታለፉት ከአራት ባይበልጡ ይሻላል። ከዚያ እርስዎና አንድ ባልደረባዎ የመጀመሪያዎቹን 30 ማመልከቻዎች ለየብቻ ደልድላችሁ አስተያዩ። ከአምስት በላይ ላይ ከተለያያችሁ መስፈርቱ ግልጽ ስላልሆነ አስተካክላችሁ እንደገና ጀምሩ። የወደቀ ሁሉ ምክንያቱ በ«ምርመራ» ዓምድ ይጻፍለት፤ ቅሬታ ሲመጣ መልሱ እዚያ ነው።

የስም ዓምዱን ደብቀው በመለያ ቁጥር ይሥሩ። በአገራችን ስም ብሔርንም ሃይማኖትንም ይናገራል፤ ቅን ሰው እንኳ ሳያስበው ያዳላል። በጾታ፣ በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በአካል ጉዳት መለየት በሕግ የተከለከለ ነው።

ያለፉትን ለ30 ደቂቃ የጽሑፍ ፈተና ይጥሩ። የገቢና የወጪ ደረሰኞች ሰጥተው ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ መመዝገቢያ) ያስሞሉ፣ ቀሪውንም ያሠሩ፤ ከደረሰኞቹ አንዱ ላይ ሆን ብለው ስህተት ያስገቡ። ስህተቱን ያገኘው ሰው የሚፈልጉት ነው። ለተሻሉት ሃያ ደውለው ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁ፦ የሚፈልጉት ደመወዝ፣ መቼ መጀመር እንደሚችሉ፣ በፈረቃ መሥራት ይችሉ እንደሆነ። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ በደመወዝ የማይስማማን ሰው ከሩቅ ከማመላለስም ያድናል።

ጥያቄ፦ «ሾርት ሊስት ገብተሃል፣ ለፋይል ማስከፈቻ 500 ብር ላክ» የሚል ስልክ ተደወለልኝ። ልላክ? (ከጅማ)

መልስ፦ አይላኩ። አሠሪ አመልካችን ለማጣራት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለአገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ ኤጀንሲም ቢሆን ከሥራ ፈላጊ ክፍያ መቀበል በሕግ አይፈቀድለትም። የማስታወቂያውን ቁጥርና የመደቡን ስም ይጠይቁት፤ ከዚያ ስልኩን ዘግተው በድርጅቱ የታወቀ ቁጥር ራሳቸውን ያነጋግሩ። የላኩት የመታወቂያ ኮፒ ካለ ለምን ጉዳይ እንደሰጡት በላዩ ላይ ያልጻፉበት ከሆነ ጉዳዩን ለፖሊስ ያስመዝግቡ፤ ከእንግዲህ ግን በሚሰጡት ኮፒ ሁሉ ላይ የመደቡን ስምና ቀኑን በእስክሪብቶ አቋርጠው ይጻፉበት።