ውሻችሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታዳቅሉ ላሰባችሁ

ሰሞኑን አንድ ወጣት መልእክት ላከልኝ። «ጋሼ፣ ውሻዬ 8 ወሯ ነው። ደም ማየት ጀምራለች። ሰፈር ውስጥ ቆንጆ የጀርመን ሼፐርድ ወንድ አለ፤ ላገናኛት ወይስ ልቆይ?» ይላል። ምን ዓይነት ውሻ እንደሆነች ጠየቅኩት። ፎቶዋን ላከልኝ። በአንድ ክንድ የምትታቀፍ፣ ጸጉሯ ዓይኗን የሸፈነ ነጭ ትንሽዬ ውሻ ናት።

«በፍጹም እንዳታገናኛት» ብዬ ወዲያው መለስኩለት። እሱም አመስግኖኝ ሄደ። እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሉሉ ትዝ አለችኝ።

ጊዜው ደርግ ነው፤ የ1970ዎቹ መጨረሻ። ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ተምሬ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። አዲስ አበባ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ከእኛ ሁለት አጥር አለፍ ብሎ ጡረታ የወጡ አዛውንት ከባለቤታቸውና ከመጨረሻ ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሉሉ የእነሱ ናት። ስሙን ያወጡላት አባትየው ናቸው። የጃንሆይ ትንሽዬ ቺዋዋ ውሻ ሉሉ ትባል ነበርና በእሷ ስም ሰየሟት። ደርግ ባለበት ጊዜ ያን ስም ሲጠሩ ጎረቤቱ ይሳቀቃል። እሳቸው ግን ማታ ማታ በር ላይ ቆመው «ሉሉ! ሉሉ!» ይላሉ። ጋቢያቸውን እንዳጣፉ፣ ረጋ ብለው። የሰፈሩ ሰው የእሳቸውን ድምፅ ሲሰማ መምሸቱን ያውቅ ነበር።

ሉሉ ዓመት አልሞላትም። ልጁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ቡችላ አስወልዶ ለጓደኞቹ መስጠት፣ አንድ ሁለቱንም መሸጥ አማረው። ከታች ሰፈር አንድ ግዙፍ የዘበኛ ውሻ አምጥቶ አገናኛት። አባቱ ትልቅ ከሆነ ቡችሎቹም ትልቅ ይሆናሉ ብሎ ነው። ክፋት አልነበረውም። እንደውም ከዚያ ቤት ውሻዋን በጣም የሚወዳት እሱ ነበር።

አንድ ሌሊት 5 ሰዓት ተኩል ግድም በሬ ተንኳኳ። ልጁ ነው። በባዶ እግሩ ነው የመጣው። «ሉሉ ከማታ ጀምሮ እያማጠች ነው፤ አልወጣላትም» አለኝ። ሹራቤን ደርቤ ተከተልኩት።

ማድ ቤት ውስጥ ጆንያ አንጥፈውላታል። እናትየው በርጩማ ላይ ተቀምጠው አናቷን ያሻሹላታል። ሻማ አምጥተው ሳይ ጆንያው በጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ርሷል። ያ ቀለም እንግዴ ልጁ ከማህፀን መላቀቅ እንደጀመረ ይናገራል። አንድ ቡችላ ከተወለደ በኋላ ቢታይ አያስደነግጥም። የመጀመሪያው ሳይወለድ ከታየ ግን ውስጥ ያለው ቡችላ እየታፈነ ነው ማለት ነው።

እጄን ታጥቤ በአንድ ጣት ፈተሽኩ። የቡችላው ራስ ዳሌዋ መሐል ተቀርቅሯል። ጣቴ በጎን የሚያልፍበት ክፍተት እንኳን የለም። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። ያ የሚሠራበት ቦታ ደግሞ የከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። 6 ሰዓት ሲሆን ሰዓት እላፊ ይጀምራል። መኪና የለንም። የይለፍ ወረቀት የለንም። ለውሻ ተብሎ ሌሊት ወጥቶ የተያዘ ሰው ምን ብሎ ያስረዳል? አባትየው ካፖርታቸውን ደርበው መጡ። «እኔ ይዣት እሄዳለሁ፤ ሽማግሌ ምን ያደርጉኛል?» አሉ። ባለቤታቸው ብድግ ብለው በሩን ዘጉባቸው። ሁለቱም ምንም ሳይናገሩ ተያዩ። ከዚያ አባትየው ካፖርታቸውን አውልቀው ሉሉ ላይ ጣል አደረጉት።

እስኪነጋ ጠበቅን። ምጧ በመጣ ቁጥር በቫዝሊን እያለሰለስኩ፣ ቀስ እያልኩ ወደ ታች ስስብ ቆየሁ። 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው ቡችላ ወጣ። ሞቷል። ለእሷ ሰውነት የማይሆን ትልቅ ራስ ነበረው። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛዋ ተከተለች። እሷም ዝልፍልፍ ብላለች። እናትየው ከእጄ ቀምተው አፍንጫዋን ጠረጉላት፤ በፎጣ እያሹ፣ እያሹ፣ «በይ እንጂ! በይ እንጂ!» ሲሏት ሲጥ አለች። ልጁ ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረው።

ከዚያ በኋላ ምጡ ቆመ። ሆዷ ውስጥ ሌላ እንዳለ በእጄ ይሰማኛል። ሉሉ ግን አቅሟ አለቀ። ድዷ ነጣ። 11 ሰዓት ሲሆን ልጁ ታክሲ ፍለጋ ሮጦ ወጣ። ይዞ ሲመለስ ሉሉ የለችም።

ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ላም አዋልጃለሁ፣ ፈረስ አዋልጃለሁ፣ ከዚያ የከፋም አይቻለሁ። ይህኛው ለምን እንደማይለቀኝ አሁን አሁን የገባኝ ይመስለኛል። ሰዓት እላፊው የዘመኑ ዕዳ ነው፤ ማንም ምንም አያደርገውም። የሚቆጨኝ ያ ሁሉ መከራ ከሁለት ወር በፊት በአንዲት ጥያቄ ይቀር እንደነበር ሳስብ ነው። ልጁ እኔን ያውቀኛል። ጠዋት ጠዋት ሰላም እንባባላለን። ግን በዚያን ጊዜ «ውሻዬን ላዳቅላት ወይ?» ብሎ ሐኪም መጠየቅ ነውር ነበር። ለሰው ሐኪም ባልተዳረሰበት አገር ስለ ውሻ ማውራት ቅብጠት ተደርጎ ይታይ ነበር።

የተረፈችውን ቡችላ እናትየው አሳደጓት። የላም ወተት ከእንቁላል አስኳል ጋር እየመቱ፣ ለብ አድርገው፣ ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ በጠብታ ያጠጧት ነበር። ዛሬ ለቡችላ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ስላለ እሱን ፈልጉ፤ የላም ወተት ለቡችላ ስቡም ፕሮቲኑም ያንሰዋል። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልተው በጨርቅ ጠቅልለው አጠገቧ ያስቀምጣሉ። በጠባች ቁጥር ደግሞ ከሆዷ በታች በሞቀ እርጥብ ጥጥ ያሹላታል፤ አዲስ የተወለደ ቡችላ እናቱ ካልላሰችው በራሱ መሽናት አይችልም። ይህን የነገርኳቸው አንድ ጊዜ ነው። ሲያደርጉት ያየ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሠሩት የኖሩ ይመስለዋል። ትርፌ አሏት። አባትየው ማታ ማታ «ትርፌ!» እያሉ መጣራት ጀመሩ።

ወደ እናንተ ልምጣ። አብሉ፣ አጠጡ አልላችሁም፤ እሱን ታውቁታላችሁ።

ሴት ውሻ መጀመሪያ ደም ስታይ ራሷ ገና ልጅ ናት። ሁለት ዓመት እስኪሞላት ብትታገሡ ምን ትከስራላችሁ? ዙሩ በየስድስት ወሩ ግድም ይመለሳል። ወንዱ በቁመናው እኩያዋ ወይም ከእሷ ያነሰ ይሁን። ከባለቤቱ ጋር ስንት ቡችላ እንደሚወስድ ስትደራደሩ የእብድ ውሻ ክትባቱን ወረቀትም አሳየኝ በሉት።

የተገናኙበትን ቀን ጻፉ። እርግዝናው በአማካይ 63 ቀን ነው። በመጨረሻው ሳምንት ጠዋትና ማታ ሙቀቷን በፊንጢጣዋ ለኩ። ጤነኛ ውሻ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ናት። ወደ 37 ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ትወልዳለች። ያኔ ከቤት አትውጡ። አጠገቧ ጸጥ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ጎረቤት ለማየት አይሰብሰብ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አጥብቃ አምጣ ምንም ካልወጣ፣ ወይም ያ አረንጓዴ ፈሳሽ ቀድሞ ከመጣ፣ ለሐኪም ደውሉ። «ትንሽ እንይ» አትበሉ። ምጥ ያፋጥናል የሚባለውን ኦክሲቶሲን ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ ራሳችሁ የምትወጉ እንዳላችሁ እሰማለሁ። እባካችሁ ተዉ! ቡችላው መንገዱን ዘግቶ ሳለ ያ መርፌ ማህፀኗን ሊቀደው ይችላል።

ከወለደች በኋላም ገና ነው። በተለይ ትንሽ ውሻ ብዙ ቡችላ ስታጠባ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ካልሲየሟ በድንገት ይወርዳል። ትንቀጠቀጣለች፣ እግሯ ይገተራል። በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች፤ ሐኪም ደርሶ በደም ሥሯ ካልሲየም ከሰጣት ግን ብዙ ጊዜ ዓይናችሁ እያየ ትነሳለች። ይህን ለመከላከል ብላችሁ በእርግዝናዋ ጊዜ የካልሲየም ኪኒን አትስጧት። ሰውነቷ ራሱ ካልሲየም ማውጣቱን ይዘነጋል፤ አደጋው ይብሳል።

የቀዶ ሕክምና ገንዘብ ሳትይዙና ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሐኪም ሳታገኙ ግን አታዳቅሉ። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። ሁሉን ነገር ቢዝነስ አድርጋችሁታል። እናቲቱ ገና ሳትወልድ ቴሌግራም ላይ ለጥፋችሁ ቀብድ ትቀበላላችሁ። ይህን ስጽፍ ደግሞ ያ ወጣት ከፊቴ ይመጣብኛል። ቀድሞ ጠየቀ፤ የኛ ዘመን ልጅ ያላደረገውን አደረገ። ስለዚህ ወቀሳዬ ለሁላችሁም አይደለም።

እውነቱን ከፈለጋችሁ ባታዳቅሉ እመርጣለሁ። የአዲስ አበባ መንገድ ባለቤት በሌለው ውሻ ሞልቷል። ግን ደግሞ ቡችላ ሽርቱን ቀዶ ሲወጣ፣ እናቱ እትብቱን በጥሳ ስትልሰው፣ ዓይኑ ሳይገለጥ ጡቷን ሲያገኝ ማየት ዛሬም ድረስ ያስደስተኛል። ይህን እንዳታዩ ልከለክላችሁም አልችልም።

ካዋለዳችሁ በወሩ አትሽጡ። 8 ሳምንት ከእናቱ ጋር ይቆይ፤ ንክሻውን ልክ ማስያዝ የሚማረው ከእሷና ከወንድሞቹ ነው። በ2 ሳምንቱ የትል መድኃኒት፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉት ገዳይ የውሻ በሽታዎች የመጀመሪያ ክትባት ይሰጠው። የእብድ ውሻ ክትባት በ3 ወሩ ስለሆነ ቀኑን ካርዱ ላይ ጽፋችሁ ለገዢው ስጡ። ገዢው አልጠብቅም፣ ቀብዴን መልሱልኝ ካለ መልሱለት።