ሰኔ 30 ሳይደርስ፦ የጎንደር ነጋዴዎችና ደመወዝተኞች የግብር ጥያቄና መልስ

በጎንደር ከተማ የነጋዴዎችን ሒሳብ መዝጋት ከጀመርኩ 18 ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ደንበኞቼ ደረሰኝ የሞላ ካርቶን ይዘው ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ ግን የበጀት ዓመቱ ተዘግቷልና እኔ ማድረግ የምችለው የሆነውን መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። የግብር ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚያበቃ፣ አንድ ነገር ማስተካከል የሚቻለው ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። በዚህ ምክንያት ዘንድሮ ጥያቄ ያለው ሁሉ በግንቦት እንዲጠይቀኝ ጋብዤ ነበር፤ ከአራዳ፣ ከፒያሳ፣ ከማራኪና ከአዘዞ የመጡትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስብ። መልሶቼ የተመሠረቱት በፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እና እርሱን ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ላይ ነው። የግለሰብ ነጋዴ ግብር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የክልል ገቢ በመሆኑ፣ ስሌታችሁን ከመጨረሳችሁ በፊት የክፍለ ከተማችሁ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ከሚሠራበት ሰንጠረዥ ጋር አመሳክሩት።

ጥያቄ (ከአራዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ)፦ ሰኔ ውስጥ ብዙ ዕቃ ገዝቼ ባስገባ ትርፌ ስለሚያንስ ግብሬ ይቀንሳል ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም፤ በየዓመቱ ብዙ ሰው ያለ ጥቅም ገንዘቡን ዕቃ ላይ እንዲያስር የሚያደርገውም ይኸው ወሬ ነው። መዝገብ የሚይዙ ከሆነ ከሽያጭዎ ላይ የሚቀነሰው የገዙት ዕቃ ዋጋ ሳይሆን የሸጡት ዕቃ ዋጋ ነው። ዓመቱን ሲጀምሩ 400,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ነበረዎት እንበል፤ በዓመቱ ውስጥ የ1,900,000 ብር ዕቃ ገዙ፤ ሰኔ 30 ሲቆጠር በመደርደሪያና በመጋዘን የ600,000 ብር ዕቃ ቀረ። ወጪ ሆኖ የሚያዝልዎ 1,700,000 ብር ብቻ ነው። በሰኔ መጨረሻ የ300,000 ብር ጨርቅ ቢጨምሩ ግዢዎ ወደ 2,200,000 ብር ያድጋል፤ ነገር ግን የቀረው ዕቃም ወደ 900,000 ብር ስለሚያድግ የሚቀነሰው ያው 1,700,000 ብር ይሆናል።

ስለዚህ ከግዢው ይልቅ ቆጠራው ላይ ይበርቱ። አምና የአንዱን ደንበኛዬን ሱቅ ስንቆጥር ልጁ መሰላል ላይ ወጥቶ ይጠራል፣ እኔ ከታች እጽፋለሁ፤ ጨረስን ብለን ወረቀቱን ልንፈርም ስንል ከደረጃው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልለው የቆዩ 11 ጣቃ ጨርቆች ተገኙ። እነዚያ ጣቃዎች ሳይቆጠሩ ቢቀሩ ኖሮ የዓመቱ ትርፍ ከእውነቱ ያነሰ ይሆን ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ግዢ የሌለው ሽያጭ በመዝገቡ ላይ ይታይና ለኦዲተሩ የሚመለስ መልስ ይጠፋ ነበር። ቆጠራውን ሰኔ 30 ማታ ሱቁን ዘግታችሁ አድርጉት፤ የዕቃውን ዓይነት፣ ብዛትና የተገዛበትን ዋጋ ጻፉ፤ የቆጠሩት ሁለት ሰዎች ይፈርሙበት። የተበላሸ ዕቃ ካለ ሳትጥሉ በፊት ለገቢዎች ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ከተጣለ በኋላ ብልሽቱን ማስረዳት እጅግ ይከብዳልና።

ጥያቄ (ከፒያሳ፣ የሆቴል ባለቤት)፦ በሰኔ 10 የ240,000 ብር ጄኔሬተር ልገዛ ነው። ሙሉ ዋጋው የዘንድሮ ወጪ ይሆንልኛል?

መልስ፦ አይሆንም። ጄኔሬተር ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ንብረት ስለሆነ ወጪው የሚያዘው በእርጅና ቅናሽ በኩል ነው። በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት ኮምፒውተርና ሶፍትዌር በቀጥተኛው ዘዴ (በየዓመቱ እኩል መጠን በሚቀነስበት) በዓመት 20 በመቶ፣ እንደ ጄኔሬተር ያሉ ንብረቶች ደግሞ 15 በመቶ ይቀነስላቸዋል። የእርስዎ ጄኔሬተር በዓመት 36,000 ብር ይቀነስለታል ማለት ነው፤ ዘንድሮ ግን ያገለገለው ለ20 ቀናት ገደማ ብቻ ስለሚሆን የሚያዝልዎ 2,000 ብር አካባቢ ነው። መብራት እየጠፋ ደንበኛ ካስቸገረዎት ይግዙ፤ ለግብር ብለው ከሆነ ግን አይቸኩሉ። እንደ ጥምቀት ባለው የእንግዳ ወቅት ያገኙትን ገንዘብ ለዚህ አውጥተው ለግብሩ የሚከፍሉት ቢያጡ የባሰ ችግር ነው።

ጥያቄ (ከማራኪ፣ የሞባይልና መለዋወጫ ሱቅ ያለው ወጣት)፦ ጋሼ፣ ሽያጬ ወደ 2 ሚሊዮን ብር እየተጠጋ ነው፤ ትርፌ ግን ትንሽ ነው። ደረጃ ሀ እንዳልገባ በእህቴ ስም ሌላ ንግድ ፈቃድ ላውጣ?

መልስ፦ አታድርገው፣ ልጄ። በማሻሻያው አዋጅ ደረጃ ሐ ቀርቶ ግብር ከፋዩ በሁለት ደረጃ ተከፍሏል፦ ዓመታዊ ሽያጩ 2,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነ ደረጃ ሀ፣ ከዚያ በታች የሆነ ደረጃ ለ። መለኪያው ሽያጭ እንጂ ትርፍ አይደለም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ሻጭና አንድ አቅራቢ ያለውን ሱቅ በሁለት ስም መክፈል ንግዱን ሁለት አያደርገውም፤ ሲታወቅም መዘዙ ለእህትህ ጭምር ይተርፋል። በቴሌብርና በባንክ የሚገባልህ ክፍያም ልክ እንደ ጥሬ ገንዘቡ ሽያጭ ነው። ደረሰኝ ሳትቆርጥ ሽያጩን ዝቅ ላድርግ ብለህም አታስብ፤ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ደረሰኝ ላልተሰጠበት ለእያንዳንዱ ግብይት የተደነገገው ቅጣት 50,000 ብር ነው።

ደረጃ ሀ መግባትን ደግሞ እንደ ቅጣት አትየው። ደረጃ ለ የሚገመተው በጠቅላላ ሽያጩ ስለሆነ ወጪው አይቀነስለትም፤ ደረጃ ሀ ግን መዝገብ ይይዛል፣ ግብሩም በተጣራ ትርፉ ላይ ይሰላል። እንደ አንተ ትርፉ ስስ ለሆነ ንግድ በሚገባ የተያዘ መዝገብ ጥቅም አለው። ከሐምሌ 1 ጀምሮ መዝገብ የሚይዝልህ ሰው አሁኑኑ ፈልግ፤ የዘንድሮውንም ቆጠራ በጥንቃቄ አድርግ፤ ለከርሞ መነሻህ እርሱ ነው።

ጥያቄ (ከአራዳ፣ የልብስ መሸጫ ያላት ነጋዴ)፦ አከራዬ በወር 15,000 ብር እየተቀበለኝ ውሉ ላይ 8,000 ብር ነው ያስጻፈው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከሁሉ በላይ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የሌላ ሰው ግብር በእርስዎ ጫንቃ ላይ ወድቋል። በሰነድ የሚታየው 8,000 ብር ስለሆነ በወር 7,000፣ በዓመት 84,000 ብር ወጪ ሆኖ አይያዝልዎትም። የግለሰብ ነጋዴ ዓመታዊ የተጣራ ትርፍ ከ168,000 ብር ሲያልፍ በላይኛው ክፍል ላይ ያለው ምጣኔ 35 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ደረጃ ሀ ከሆኑና ትርፍዎ እዚያ ከደረሰ፣ በዚህ ውል ብቻ በዓመት 29,400 ብር ተጨማሪ ግብር ይከፍላሉ። አከራይዎን ይህን ቁጥር ጽፈው ያሳዩአቸው። ውሉ የሚታደስበት ቀን ሲደርስ እውነተኛው ኪራይ ይጻፍ፤ ክፍያውም ከእጅ ወደ እጅ መሆኑ ቀርቶ በባንክ ይሁን። ያለፈውን ግን በሐሰት ወረቀት ለማካካስ አይሞክሩ።

ጥያቄ (የዩኒቨርሲቲ መምህር)፦ ደመወዜ 12,000 ብር ነው፤ ማታ ደግሞ በግል ኮሌጅ እያስተማርኩ በወር 6,000 ብር አገኛለሁ። ሁለቱም ቦታ ግብር ይቆረጥብኛል። የቀረብኝ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። አንድ ቀጣሪ ብቻ ያለው ሠራተኛ ግብሩ በየወሩ ተቀንሶ ስለሚያልቅ ዓመቱ ሲዘጋ ምንም ማሳወቅ አይጠበቅበትም። ከአንድ በላይ ቀጣሪ ያለው ግን ገቢውን ደምሮ ማሳወቅ ይኖርበታል። በአዲሱ ሠንጠረዥ እስከ 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በኋላ 15፣ 20፣ 25፣ 30 እያለ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። ከ12,000 ብሩ ላይ 2,250፣ ከ6,000 ብሩ ላይ 700፣ በድምሩ 2,950 ብር ይቆረጥብዎታል። ገቢው ተደምሮ 18,000 ብር ሲሆን ግን ግብሩ 4,250 ብር ነው። በወር 1,300 ብር፣ ለ12 ወር 15,600 ብር ይጎድላል ማለት ነው። ይህን ገንዘብ ከአሁኑ ለብቻው ያስቀምጡ፤ ከሁለቱም ቀጣሪዎች የተቆረጠውን ግብር የሚያሳይ ማስረጃ በሰኔ ይውሰዱ።

ጥያቄ (ከቅዳሜ ገበያ፣ የቅመማ ቅመም ነጋዴ እናት)፦ የእቁብ ክፍያዬ ወጪ ነው? እቁቡ ሲደርሰኝስ ገቢ ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ ሁለቱም አይደለም። እቁብ ቁጠባ ነው፤ ሲጥሉም ወጪ አይባልም፣ ሲደርስዎም ገቢ አይሆንም። ችግሩ የሚመጣው 200,000 ብሩ በአንድ ቀን በንግድ ሒሳብዎ ውስጥ ሲገባ ነው፤ መዝገቡን የሚመረምረው ሰው ያልተመዘገበ ሽያጭ ሊመስለው ይችላል። እጣው የወጣበትን ቀን የሚያሳይ፣ የእቁቡ ዳኛና ጸሐፊ የፈረሙበት ወረቀት ይያዙ፤ ከተቻለም ገንዘቡን ከንግዱ በተለየ የባንክ ሒሳብ ያስገቡ። ለማኅበር፣ ለዝክርና ለልጆች ትምህርት የሚያወጡትም የግል ወጪ እንጂ የንግድ ወጪ አይደለም።

ጥያቄ (የኅትመት ቤት ባለቤት)፦ መሥሪያ ቤቶች ሲከፍሉኝ ዊዝሆልዲንግ ይቀንሳሉ፤ ደረሰኙን ግን ሁልጊዜ አልወስድም። ችግር አለው?

መልስ፦ ትልቅ ችግር አለው፤ የተቀነሰው ገንዘብ አስቀድሞ የተከፈለ የራስዎ ግብር ነው። በዓመቱ ውስጥ 18,000 ብር ተቀንሶብዎ ደረሰኙ በእጅዎ ከሌለ ያንኑ 18,000 ብር ሁለተኛ ይከፍላሉ። የዓመቱን ክፍያዎች ከባንክ መግለጫዎ ጋር አስተያይተው የጎደለውን ደረሰኝ ከሰኔ 30 በፊት ከየገንዘብ ክፍሉ ይጠይቁ፤ አዲሱ በጀት ዓመት ከገባ በኋላ ያለፈውን ፋይል የሚያወጣልዎ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ የእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ)፦ ለአራት ሠራተኞች ደመወዝ በእጅ እከፍላለሁ፤ ለራሴም በየወሩ አነሳለሁ። ሁለቱም ይያዝልኛል?

መልስ፦ ለራስዎ ያነሱት አይያዝም፤ የትርፍዎ አካል ነው። የሠራተኞቹ ደመወዝ ግን የሚያዘው የተፈረመ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ካለ፣ የሥራ ግብሩም ተቀንሶ ገቢ ከተደረገ ነው። ጡረታውንም አይርሱ፦ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከእርስዎ። የእርስዎ 11 በመቶ ለንግዱ ወጪ ነው።

ጥያቄ (የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ)፦ በዱቤ የሸጥኩለት ሰው ከከተማው ጠፋ። ዕዳውን መሰረዝ እችላለሁ?

መልስ፦ ሽያጩ ቀደም ሲል በገቢዎ ውስጥ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ዕዳውን ለማስመለስ ሕጋዊ እርምጃ ወስደው ካልተሳካና በመዝገብዎ ላይ ከሰረዙት ይቀነስልዎታል። ስልክ ደውዬ አላነሳም ማለት ብቻውን በቂ አይደለም።

ጥያቄ (ስሙ እንዳይጠቀስ የፈለገ ነጋዴ)፦ ዘንድሮ ሥራ ቀዝቅዞብኛል፤ ግብሩን በአንድ ጊዜ የምከፍልበት ገንዘብ የለኝም። ገንዘቡ እስኪገኝ ሳላሳውቅ ልቆይ?

መልስ፦ በፍጹም አይቆዩ። አለማሳወቅና አለመክፈል በሕጉ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ አይሸከሙ። በአዋጅ ቁጥር 983/2008 ዘግይቶ ማሳወቅ ብቻውን ለእያንዳንዱ ወር ካልተከፈለው ግብር 5 በመቶ እየጨመረ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል፤ የክፍያ መዘግየት ቅጣትና ወለድ ከዚያ በላይ ይመጣሉ። ገንዘብ ባይኖርዎም በጊዜው ያሳውቁ፤ የደረጃ ሀ ማሳወቂያ የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 30 ነው። ከዚያም ግብሩን በየጊዜው ከፋፍለው ለመክፈል በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ሕጉ ይህን ይፈቅዳል። ከማመልከቻው ጋር የባንክ መግለጫዎንና የየወሩን ሽያጭ ያያይዙ፤ ሥራው በየትኛው ወር እንደቀነሰ ከወረቀቱ ላይ ይታይ። ዓመቱ በኪሳራ ከተዘጋም መዝገብ ካለዎት ኪሳራው እስከ 5 ዓመት ድረስ ወደፊት ተሸጋግሮ ከሚመጣው ትርፍ ላይ ሊቀነስ ይችላል፤ መዝገብ ለሌለው ግን ይህ መብት የለም።

ጥያቄ (ያው የአራዳው ጨርቅ ነጋዴ)፦ ደረሰኞቹን ስንት ዓመት ላስቀምጥ? መጋዘኔ ደግሞ በክረምት ይረጥባል።

መልስ፦ ቢያንስ 5 ዓመት፤ በንግድ ሕጉ የተቀመጠው ጊዜ ከዚህ ከረዘመ ግን እርሱን ይከተሉ። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ወረቀት ግን በሙቀትና በፀሐይ ይነጣል፤ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ አንድ ፌስታል ደረሰኝ በእጄ ስገለብጥ ከግማሽ በላዩ ባዶ ነጭ ወረቀት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፣ ያንን ወጪ የሚተካልን አልነበረም። በየወሩ መጨረሻ ፎቶኮፒ ያስደርጉ፤ ዋናውን ከኮፒው ጋር በስቴፕለር አያይዘው በወር በወር በፖስታ ይክተቱ፤ ካርቶኑን ከመሬት ከፍ አድርገው ከግድግዳው ራቅ ያለ መደርደሪያ ላይ ያኑሩት፣ በስልክዎም ፎቶ ያንሱት። የዚህን ዓመት ፖስታዎች ከሐምሌ ጀምረው አሁን ቢያዘጋጁ፣ የጎደለውን ደረሰኝ ከአቅራቢዎችዎ ለመጠየቅ እስከ ሰኔ 30 ጊዜ አለዎት።