የሻጩን ግብር አትመኑ፦ ከሜሪላንድ የደረሱን ጥያቄዎች

የሰሞኑ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ቤት ግብር ናቸው፤ ሁሉም ከሜሪላንድ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዛን። ሻጩ የሚከፍለው ግብር ትንሽ ነበር። የእኛ ቢል ግን ዘለለ። ስህተት ይሆን?

መልስ፦ ስህተት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር ነው። ስቴቱ የቤት ግምት የሚያድሰው በየ3 ዓመቱ ነው፤ ጭማሪው በ3 ተከፍሎ በየዓመቱ ይገባል። ግምቱ ከ400,000 ወደ 550,000 ዶላር ቢወጣ፣ በዓመት 50,000 ይጨምራል ማለት ነው። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበትና ሆምስቴድ ክሬዲት (ግብር የሚሰላበት ግምት በአንዴ እንዳይዘል የሚገድብ ከለላ) ያለው ከሆነ ግን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ግብር የሚሰላበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ አያድግም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት የሚከፍለው በ450,000 ሳይሆን በ440,000 ነው። እንዲህ እየተጠራቀመ ነው የድሮ ነዋሪ ከጎረቤቱ ያነሰ የሚከፍለው።

ቤቱ ሲሸጥ ግን ይህ ከለላ አብሮ አይሸጥም። እናንተ የራሳችሁን የሆምስቴድ ማመልከቻ ሙሉ። አንዴ ብቻ ነው የሚሞላው፤ ነፃ ነው። ወዲያው ይቀንስልናል ብላችሁ ግን አትጠብቁ፤ ቤቱ እጅ በለወጠ ማግስት አይሠራም። ግብሩን በባንክ ኤስክሮ (ባንኩ ከወር ክፍያችሁ ላይ እያጠራቀመ ግብሩን በሚከፍልበት ሂሳብ) የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ የወር ክፍያችሁ ከፍ ይላልና ተዘጋጁ።

ጥያቄ፦ ቤቱን አከራይተን ቨርጂኒያ ገባን። ክሬዲቱ ይቀጥላል?

መልስ፦ አይቀጥልም። ለምትኖሩበት ቤት ብቻ ነው። ባልና ሚስት በየስማቸው ቤት ቢኖራቸውም የሚያገኙት ለአንዱ ነው።

ጥያቄ፦ የግምት ደብዳቤው በጣም አብዝቶ መጣ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በ45 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይበሉ። ጠበቃ አያስፈልግም። «ታክሱ ከበደኝ» ማለት ግን አያዋጣም፤ ክርክሩ በቤቱ ዋጋ ላይ ነው። በሰፈሩ ተመሳሳይ ቤት በስንት እንደተሸጠ ያሳዩ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃ የሚገባበት ቤዝመንት ካለዎት ፎቶውን ያያይዙ።

ጥያቄ፦ እናቴ ጡረታ ላይ ናት። ቤቱ የእሷ ነው፤ ገቢዋ በዓመት 30,000 ዶላር። እኔም አብሬያት እኖራለሁ። የሚቀነስላት ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። የቤተሰብ ገቢያቸው ከ60,000 ዶላር ለማይበልጥ የቤት ባለቤቶች የተለየ ክሬዲት አለ። በ30,000 ገቢ ከግብሩ ራሷ እንድትከፍል የሚጠበቅባት 1,680 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ይቀነሳል። ግብሯ 3,000 ቢሆን 1,320 ይቀነስላታል። የሚታሰበው ግን ከግምቱ የመጀመሪያው 300,000 ላይ ላለው ግብር ብቻ ነው። ከቤቱና ከጡረታ ቁጠባ ሌላ ያላት ሀብትም ከ200,000 ዶላር በታች መሆን አለበት።

አንተ ጋ ነው ችግሩ። አብረህ ስለምትኖር ገቢህ ከእሷ ጋር ይደመራል። ኪራይ የምትከፍላት ከሆነ ግን የሚቆጠረው ኪራዩ ነው። የዚህኛው ክሬዲት ማመልከቻ፣ ከሆምስቴድ በተለየ፣ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 መሞላት አለበት፤ እስከ ኤፕሪል 15 ካስገባችሁ ቅናሹ ጁላይ ላይ በሚመጣው ቢል ላይ ይታያል።

ጥያቄ፦ «የሆምስቴድ ማመልከቻዎን በክፍያ እንሙላልዎ» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ።

መልስ፦ ቆሻሻ ውስጥ ይጣሉት፤ ማመልከቻው ነፃ ነው።