ሪል ስቴት ያልሆነው «ኢስቴት»

ጥያቄ፦ አጎታችን ለንደን አርፈው ከጠበቃ ቢሮ ደብዳቤ መጣልን። ስለ «ኢስቴታቸው» ያወራል፤ እኔን «ሬሲዱዋሪ ቤኔፊሺያሪ»፣ አንድ የማናውቀውን ሰው ደግሞ «ኤግዚኪዩተር» ይላል። እኛ ሰፈር ኢስቴት ማለት የታጠረ የቪላ ግቢ ስለሆነ ቤተሰቡ ቤት ተውልን እያለ ነው። «ፕሮቤት» የሚሉትስ ምንድን ነው? — ከለገጣፎ

መልስ፦ ቤትም ሊኖር ይችላል፤ ቃሉ ግን ቤት አይልም። በውርስ ደብዳቤ ላይ «ኢስቴት» ሟች ትተውት የሄዱት ሁሉ ነው፦ የባንክ ገንዘብ፣ መኪና፣ አክሲዮን፣ የቤት ዕቃ፣ ካለም ቤት፣ ዕዳውም አብሮ። በፍርድ ቤት አማርኛ «የውርስ ሀብት» ለሚባለው ይቀርባል። በናንተ መንገድ ዳር የተጻፈው «ሪል ስቴት» የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚያመለክተው «ሪል» ከፊቱ ስላለ ነው። ከአጎታችሁ ስም በፊት «ዘ ሌት» የሚል ካያችሁም «የዘገየው» አይደለም፤ «ሟች» ማለት ነው።

«ኤግዚኪዩተር» ሟች በኑዛዜያቸው የሰየሙት አስፈጻሚ ነው። የማታውቁት ሰው መሆኑ ሊያስደነግጣችሁ አይገባም፤ ጠበቃም ጓደኛም ሊሆን ይችላል። ኑዛዜ ባይኖር ኖሮ «አድሚኒስትሬተር» ይባል ነበር። «ፕሮቤት» ደግሞ ኑዛዜው ተመርምሮ አስፈጻሚው በንብረቱ ላይ እንዲሠራ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ይህ ሳይወጣ ባንኮች ጠቀም ያለ ገንዘብ አይለቁም፣ የሟች ቤትም አይሸጥም።

«ቤኔፊሺያሪ» ከውርሱ የሚደርሰው ሰው ነው፤ የናንተ ነገር ያለው ግን «ሬሲዱዋሪ» የሚለው ቃል ላይ ነው። «ፔኩኒያሪ ሌጋሲ» ቢል ኖሮ መጠኑ የተቆረጠ ገንዘብ ነበር፣ ለምሳሌ 5,000 ፓውንድ። «ሬሲዱዋሪ» ግን የቀብር ወጪ፣ ዕዳና ግብር ተከፍሎ፣ በስም የተሰጡት ስጦታዎችም ወጥተው ከሚተርፈው ይካፈላል ማለት ነው። ስለዚህ ድርሻችሁ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከወዲሁ ቁጥር የሚነግራችሁን ሰው አትመኑ። «ኢንሄሪታንስ ታክስ» (የውርስ ግብር) በመደበኛው ከ325,000 ፓውንድ በሚበልጠው ላይ 40 በመቶ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከዚያው ከኢስቴቱ ይቀነሳል። «ግብሩን አስቀድማችሁ ላኩ» የሚል መልእክት ከመጣ የአጭበርባሪ ሽታ አለው። ማጣሪያ መንገድም አላችሁ፦ የተሰጠ ፕሮቤት እዚያ አገር ለማንም ክፍት ሰነድ ስለሆነ፣ በሟች ስምና በሞቱበት ዓመት ተፈልጎ ቅጂው በክፍያ ይገኛል። መዘግየቱ ብቻውን አያስጠረጥርም፤ የ1925ቱ (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ሕግ አስፈጻሚውን ከሞቱ ቀን አንድ ዓመት ሳይሞላ አከፋፍል ብሎ አያስገድደውም።

ጥያቄ፦ ሰበታ የትርጉምና የጽሕፈት ሥራ እሠራለሁ። «አባቱን ወረሰ»ንም «ቤታቸው ተወረሰ»ንም «ኢንሄሪት» ብዬ ጽፌ ደንበኛ ወረቀቱን መለሰብኝ። ምኑ ላይ ተሳሳትሁ?

መልስ፦ ሁለቱም ላይ፤ ግን ጥፋቱ ከአማርኛችን ስፋት የመጣ ነው። እኛ ሰውንም ንብረትንም እንወርሳለን። የእንግሊዝኛው «ኢንሄሪት» ግን ከኋላው የሚያስከትለው ንብረቱን ነው፤ ሰውየው በ«ፍሮም» ይመጣል። «ሂ ኢንሄሪትድ ሂዝ ፋዘር» ብለው ከጻፉ አባትየው ራሳቸው እንደ ላም ተወረሱ ማለት ነው። «ሂ ኢንሄሪትድ ዘ ሃውስ ፍሮም ሂዝ ፋዘር» ይበሉ።

«ተወረሰ» ሲመጣ ማን ወረሰው ብለው ይጠይቁ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 መንግሥት የወሰደው ትርፍ ቤት «ናሽናላይዝድ» ነው። በፍርድ ቅጣት የተወሰደ «ኮንፊስኬትድ»፣ ባንክ ስለ ብድሩ የያዘው «ፎርክሎዝድ»።

ሌላም ወጥመድ አለ። ሚስት የጋራውን ንብረት ግማሽ ስትወስድ ሰፈሩ «ወረሰች» ይላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ያለ ኑዛዜ ወራሾች በመጀመሪያ ልጆች ናቸው፤ የትዳር ጓደኛ ከዝርዝሩ ውስጥ የለችም። የወሰደችው የራሷን ድርሻ ነውና «ሀር ሼር ኦፍ ዘ ኮመን ፕሮፐርቲ» ብለው ይጻፉት። እንግሊዝ አገር የትዳር ጓደኛ ቀዳሚ ወራሽ ስለሆነ፣ «ኢንሄሪትድ» ያነበበ ጠበቃ የልጆቹን ድርሻ አዛብቶ ያሰላል።

ለሰነዶቹ፦ ኑዛዜ «ዊል»፣ ተናዛዥ «ቴስታተር»፣ ያለ ኑዛዜ የሞተ «ኢንተስቴት»። የወራሽነት ማረጋገጫን «ፕሮቤት» አይበሉት፤ «ሰርቲፊኬት ኦፍ ኤርሺፕ» ይሻላል። በግልጽ የተደረገ ኑዛዜ ሲተረጉሙ ደግሞ «በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቧል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ከነቀኗ አይዝለሉ። በእኛ ሕግ ያለ እሷ ኑዛዜው አይጸናም። እንግሊዞች የሚፈልጉት ሁለት ምስክር ስለሆነ አራቱ የበዛ መስሏቸው ሁለቱን ስም የሚተዉ ተርጓሚዎች አሉ። (ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም አዋዋይ ከሆነ በእኛም ሁለት ይበቃል።)

ጥያቄ፦ ወራሽ «ሄር» ነው ወይስ «ኤር»? — ከሱሉልታ

መልስ፦ «ኤር»። ሲጻፍ «ኤች» አለችበት፣ ስትነበብ ግን ትዋጣለች፤ ድምፁ ከ«አየር» እንግሊዝኛ ጋር አንድ ነው። ከአያት የወረደ ጌጥ ወይም ዕቃም «ኤርሉም» ነው። «ኢንሄሪት» እና «ሄሪቴጅ» ላይ ግን «ሄ» ትሰማለች። «ሄሪቴጅ» እንደ ላሊበላ ላለ የሕዝብ ቅርስ ነው፤ ለአባትዎ ቦታ አይጠቀሙበት።