ለወንድ ቡችላህ «ያዘው» የሚል ስም እንዳታወጣ

ሰላም ወንድሜ። (እህቴ ከሆንሽም ይቅርታ፤ ፕሮፋይልሽ ላይ ያለው አደይ አበባ ስለሆነ መለየት አልቻልኩም።) «ወንድ ቡችላ አግኝቻለሁ፤ ቡቺና ጃክ ሰለቹኝ፤ የድሮ ሰው የሚያወጣው ዓይነት ወግ ያለው የአማርኛ ስም ጠቁሙኝ» ብለሃል። ከላይ ያሉት አብዛኞቹ «ሬክስ በለው» ብለው መለሱልህ። ጥያቄውን እንኳን አላነበቡትም። እኔ በዚህ ጉዳይ ገንዘብ ከፍያለሁ፤ ፖሊስ ጣቢያም ቆሜያለሁ። ስለዚህ ረጋ ብለህ አንብበኝ።

1. የጀግና ስም ተው። መጀመሪያ ለሁላችንም የሚመጣልን የፈረስ ስም ነው። አባ ታጠቅ የቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው የምኒልክ፣ አባ ነጋ የአሉላ፣ አባ ነፍሶ የባልቻ። «አባ»ውን ስትቆርጠው ለውሻ የተሰፋ ይመስላል። ግን ታጠቅም ነጋም ዳኘውም የሰው ስም ናቸው፤ ከጎረቤትህ አንዱ አይጠፋም። የሰው ስም ለውሻ ማውጣት ደግሞ ስድብ መሆኑን አንተም ታውቃለህ። አንድ የሰፈራችን ልጅ ውሻውን «ኮስትር» ብሎት ነበር። ባሕር ዳር ላይ! አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ መሆናቸውን የማያውቅ ጎጃሜ አለ? ክፍለ ከተማ በስማቸው፣ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው «ለኮስትር ነው ፍርፋሪ የምትጥለው?» አሉት። በማግስቱ ውሻው ቦቢ ሆነ።

2. የነገር ስምም ይቅርብህ። የገጠር ሰው ሲፈልግ ጎረቤቱን የሚነካው በውሻው ስም ነው። «መቻል»፣ «ማን አለብኝ»፣ «እንተያያለን» ይለዋል። ባላንጣው በደጅ ሲያልፍ ጠብቆ ውሻውን ይጣራል። ሲጠየቅ «ውሻዬን ነው» ብሎ ይምላል። ሰሙ ውሻ፣ ወርቁ ጎረቤት። ለገጠር ያምራል። አንተ ግን እንደኔ አራት ተከራይ ባለበት ግቢ ነው የምትኖረው፤ ውሃ ቆጣሪው አንድ ነው። የወሩ ሒሳብ ሲካፈል በረንዳ ላይ ቆመህ «ማን አለብኝ!» እያልክ ስትጣራ ይታይህ።

3. ትእዛዝ የሆነ ስም በጭራሽ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው።

አያቴ አቸፈር ውስጥ «ያዘው» የሚባል ውሻ ነበራቸው። ማታ ጅብ ሲጠጋ ወይ ጦጣ በቆሎ ውስጥ ሲገባ «ያዘው!» ካሉት ጠሩትም፣ አዘዙትም፤ አንድ ቃል ሁለት ሥራ። ቡችላ ሳገኝ ሌላ ስም አላሰብኩም። የአያቴን ወግ ልመልስ ብዬ ኮራሁ።

መዘዙ የጀመረው ለክትባት የሄድኩ ቀን ነው። (ክትባቱን አደራ። ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስወጋው፤ ከዚያ በየዓመቱ።) የእንስሳት ክሊኒኩ ካርድ ክፍል አንድ ሰውዬ አለ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ስም?»

«ያዘው።»

«ምኑን ነው የምይዘው?»

«አይ፣ ያዘው ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ለመሆኑ እኔን ነው አንተ የምትለኝ?» አለ። ስሙ ነው ብዬ ባስረዳ፣ ብለማመጥ፣ ወይ ፍንክች። ወረፋው መጨረሻ ላይ ሄደህ ቁም አለኝ። ከኋላዬ አምስት ፍየል የሚነዱ ሰውዬ ነበሩ፤ ከነፍየሎቻቸው ቀደሙኝ። ሰዓት ተኩል ቆሜ ተመልሼ ስደርስ ዝም ብሎ ሞልቶ ወረወረልኝ። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እዚህ ጋ ነው ስህተቴ። አላነበብኩትም።

ስድስት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጊዮርጊስ ጀርባ በሐይቁ ዳር ስንሄድ ዓሣ የሚሸጡት ጋ ስንደርስ ገመዱን በጥሶ አመለጠኝ። እኔም እየሮጥኩ በሙሉ ድምፄ «ያዘው! ያዘው! ያዘው!» አልኩ። አስበው እንግዲህ። ገበያ ቀን ነው፤ ጎልማሳ ሰው እያለከለከ «ያዘው» እያለ ይሮጣል። ከፊቴ ደግሞ አንድ ወጣት ጥቁር ፌስታል ይዞ ባጃጅ ሊደርስባት ይሮጣል።

ሊስትሮው እግሩን ዘረጋ። ልጁ ወደቀ። የባጃጁ ሹፌር ወርዶ አንገቱን ያዘው፤ በዚህኛው «ያዘው» ውስጥ ውሻዬ የለበትም። «ፌስታሉን ክፈት!» አሉት። ሦስት ቆሮሶ ዓሣ፣ በጨው የታሸ፣ ለእናቱ የገዛው። ሸሚዙ እስከ ብብቱ ተቀዷል። ስልኩ አስፋልቱ ላይ በፊቱ ተደፍቶ ነበር። እኔ ደርሼ «ኧረ ልቀቁት፣ ውሻዬን ነው የጠራሁት!» ስል ውሻዬ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ አለና አንዱን ቆሮሶ አንስቶ ሄደ። እውነተኛው ሌባ እሱ ሆኖ አረፈ።

ጣቢያ ተወሰድን። መርማሪው ጨዋ ነበር፣ አልዋሽም። «ሌባ ብለህ አላስያዝከውም?» አለኝ። ውሻዬ ያዘው እንደሚባል ነገርኩት። ማስረጃ አለህ ሲለኝ ደስ ብሎኝ የክትባት ካርዱን አወጣሁ። አነበበው። ከዚያ አዙሮ አሳየኝ።

ስም፦ ውሻ።

ያ ሰውዬ! ቂሙን ወረቀት ላይ ነው የተወጣው። መርማሪው «በል ጥራውና እንየው» አለ። ውሻው ደጁ ላይ ተኝቷል። «ያዘው!» አልኩ። የበሩ ጥበቃ ዘሎ ገብቶ ክንዴን ጨበጠኝ። ውሻው ዓይኑን እንኳን አልገለጠም፤ ዓሣ በልቶ ጠግቧል።

በሽማግሌ ታረቅን። ለስክሪን 3,800 ብር፣ ለሸሚዝ 900፣ ዓሣውን በእጥፍ። ገንዘቡ አይደለም የሚቆጨኝ። የልጁ እናት «ልጄን በቅዳሜ ገበያ ሌባ አስባልክብኝ» ያሉኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሁለት እሑድ ቤታቸው እየሄድኩ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ሁለተኛው ላይ ቡና አፈሉልኝ።

4. የት ደረስኩ? አዎ፣ እሺ ምን ልበለው ላልከኝ። መልኩን እየው። የድሮ ሰው ፈረሱንም ላሙንም በመልኩ ይጠራ ነበር፤ ዳማ፣ ቡላ፣ ቦራ። ከነዚህ የሚሻል ወግ ያለው ስም ለውሻ አላውቅም። ማንንም አይሰድብም፣ ማንንም አያስይዝም። የኔው ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ አልኩት። አጭር ነው፤ መጨረሻው በ«ራ» ስለሚከፈት ስትጣራ ከሐይቁ ዳር እስከ አስፋልቱ ይሰማል። «ነብሮ»ም ክፉ አይደለም፣ ግን በየግቢው አለ። የጃንሆይ ትንሿ ውሻ ሉሉ ትባል እንደነበር የጻፈው ወንድም ልክ ነው፤ ግን የአንተ ቡችላ በፎቶው እንዳየሁት መዳፉ ገና ካሁኑ የጎረምሳ ነው። ሉሉ አይሆንለትም።

ያደገ ውሻ ስም አይቀይርም የሚሉህን አትስማ። ምግቡን ሳስቀምጥ ለሳምንት «ያዘው ቦራ» አልኩት፣ በሹክሹክታ። ከዚያ «ቦራ» ብቻ። በሦስተኛው ሳምንት ዞሮ ያየኝ ጀመር። ስትቆጣው ግን ስሙን አትጥራ፤ ስሙን ሲሰማ ምግብና መዳበስ እንጂ ዱላ ትዝ እንዳይለው። አሁን አምስት ዓመቱ ነው። ከግቢያችን አንድ ዶሮ ጠፍቶ አያውቅም፤ ተከራዮቹን ጠይቅ።

ካርድ ስታወጣም ቆመህ አንብበው። የኔው ላይ ዛሬም «ውሻ» ነው የሚለው፤ ላስተካክል ብሄድ ያው ሰውዬ ነው ያለው።