ስልኬ ሞላ፣ አፑም በዛ፤ የቱን ላጥፋ?

«የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስልኬ አንድሮይድ ነው፣ 32 ጊጋ። ለትምህርት ይጠቅማል የተባለውን አፕ ሁሉ ጭኜ አሁን ሞላብኝ፤ ስታክ ማድረግም ጀምሯል። ክፍል ውስጥ ያነሳሁት የሰሌዳ ፎቶ ከሰልፊው ጋር ተደባልቆ ፈተና ሲደርስ አላገኘውም። የቱን ላጥፋ? የቱን ላስቀር? ወይስ ፎርማት ላድርገው?» ስትል አንዲት አንባቢ የአፖቿን ዝርዝር ጨምራ ልካልኛለች።

እህቴ፣ ፎርማቱን ለጊዜው ተዪው። ከዝርዝርሽ መጀመሪያ መጥፋት ያለባቸው «ስልክ አፋጣኝ» እና «ራም አጽጂ» ነን ባዮቹ ናቸው። አንድሮይድ ራሙን፣ ማለትም የተከፈቱ አፖች የሚሠሩበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ በራሱ ያስተዳድራል። እነሱ ከጀርባ የሚሠራውን ሁሉ ይዘጋሉ፣ ስልኩ ደግሞ መልሶ ይከፍታል። በዚህ ድብብቆሽ ባትሪሽ ያልቃል። ማስታወቂያቸውማ ለብቻው ራስ ምታት ነው።

ቀጥሎ ቴሌግራም። «ሞላብኝ» የሚል ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው። በየግሩፑ የሚለቀቀው ቪዲዮና ሀንድአውት ሳታውቂው ስልክሽ ላይ ይከማቻል። ሴቲንግ፣ ከዚያ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ ከዚያ «ስቶሬጅ ዩሴጅ» ግቢ። የትኛው ግሩፕ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ቁልጭ አድርጎ ያሳይሻል። አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ተኮፍሶ የሚገኘው የትምህርቱ ሳይሆን የፊልሙ ቻናል ነው! ካሹን፣ ማለትም ቴሌግራም ስልክሽ ላይ ያከማቸውን የፋይል ቅጂ፣ አጽጂው፣ አትፍሪ። ፋይሉ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላለ ስትፈልጊ መልሰሽ ታወርጂዋለሽ። የላከው ሰው ካጠፋው ግን አታገኚውም። ስለዚህ ዋና ዋናውን ሀንድአውት አስቀድመሽ ለራስሽ መልእክት ወደምታስቀምጪበት «ሴቭድ ሜሴጅስ» ፎርዋርድ አድርጊ። ስትጨርሺ እዚያው «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ ያለውን አውቶማቲክ ዳውንሎድ ለሞባይል ዳታም ለዋይፋይም ዝጊው። አለበለዚያ በወሩ ያው ነው።

ዋትሳፕ ላይ ግን ይህን እንዳትደግሚ። እዚያ ከስልክሽ ያጠፋሽውን ፎቶ ወይም ፋይል እንደገና ላወርድ ብትዪ ላይሳካ ይችላል። መጀመሪያ ሌላ ቦታ አስቀምጪ፣ ከዚያ አጥፊ።

ወደ ሰሌዳው ፎቶ እንምጣ። ለዚህ አዲስ አፕ አያስፈልግሽም፤ ጉግል ድራይቭ በቂ ነው። ክፈቺውና የመደመር ምልክቷን ነክተሽ «ስካን» በዪ። ጠርዙን ይቆርጣል፣ የተንጋደደውን ያቃናል፣ ብዙ ገጽ ደራርበሽ አንድ ፒዲኤፍ ያደርግልሻል። ሰሌዳው ካብረቀረቀ ፍላሹን አጥፊና ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ቁሚ። ፎቶው የተጣመመ ቢመስል ግድ የለም፣ አፑ ያስተካክለዋል። ብርሃን የዋጠውን ጽሑፍ ግን ማንም አይመልሰውም። ከዚያ ሳትሰንፊ እዚያው ስም ስጪው፤ የኮርሱ ስም፣ ምዕራፍ፣ ቀን። «ስካን» ብሎ ቁጥር ብቻ የያዘ ፋይል ፈተና ሲደርስ ያው የጠፋ ነው። ድራይቭ በነፃ የሚሰጥሽ 15 ጊጋ ከጂሜይልና ከጉግል ፎቶስ ጋር የጋራ መሆኑንም አትርሺ። ሰልፊው ከሞላው ለትምህርቱ ቦታ አይተርፍም።

ለሽምደዳ ከላክሽልኝ አራት አፖች አንኪን ብቻ አስቀሪ። አንድሮይድ ላይ ስሙ አንኪድሮይድ ነው፣ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። (አይፎን ያላቸው ጓደኞችሽ ዋናውን በገንዘብ ነው የሚገዙት። ስሙን አስመስለው የሚሸጡ ሌሎች አፖችም ስላሉ ይጠንቀቁ።) ካርድ ላይ ጥያቄ ትጽፊያለሽ፣ ከጀርባው መልስ። ያወቅሽው ካርድ ከቀናት በኋላ፣ ከዚያም ከሳምንታት በኋላ ይመጣል። የሳትሽው ቶሎ ይመለሳል። ብዙ ሰው የሚሰለቸው አንድ ሙሉ ገጽ ካርድ ላይ ስለሚገለብጥ ነው። አንድ ካርድ፣ አንድ ጥያቄ፣ አጭር መልስ። «የሴል ክፍሎችን ዘርዝር» ሳይሆን «የማይቶኮንድሪያ ሥራ ምንድን ነው?» በዪ። ፋይናል ሳምንት ላይ ብትጀምሪው ግን አይጠቅምሽም፤ ጥቅሙ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ስትነኪው ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ለሒሳብ ግራፍ ጂኦጀብራ ወይም ዴስሞስ፣ አንዱ ይበቃል፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሦስቱን የፕሮግራም ማውጫ አፖች ትተሽ ስልኩ ላይ ባለው ካላንደር ሥሪ። ክፍለ ጊዜውን አንዴ አስገብተሽ በየሳምንቱ እንዲደገም አድርጊ፣ አሳይንመንት ላይ ሁለት ማስታወሻ ሙዪ፦ አንድ ከሳምንት በፊት፣ አንድ ከቀን በፊት። ከቲክቶክ ለመሸሽ የጫንሽው አፕም ይጥፋ። ሴቲንግ ውስጥ «ዲጂታል ዌልቢንግ» የሚል ካለሽ «ፎከስ ሞድ» ያንኑ ሥራ ይሠራል። ካልኩሌተር ሆኖ ኮንታክትሽን ላንብብ የሚለውን ደግሞ ምን እንደሚፈልግ አትጠይቂው፣ አባሪው።

ይህን ሁሉ ሠርተሽ አራት አምስት ጊጋ ባዶ ቦታ ኖሮሽም ስልኩ ስታክ ካደረገ፣ ያኔ ፎርማት ይደረግ። ከዚያ በፊት ግን አንኪድሮይድን አንኪዌብ ከሚባለው ነፃ አካውንት ጋር ሲንክ አድርጊው፤ ካርዶችሽ እዚያም ይቀመጣሉ። ሌላ ቦታ ያልተቀመጠ ካርድ ከፎርማት በኋላ አይመለስም።