መልስ፦ በፕላዝማ ዘመን ቲቸሮች ምን ይሠሩ ነበር?
«ቴሌቪዥኑ ካስተማረ ቲቸሩ ምን ይሠራ ነበር?» ላልከው፣ ኧረ ብዙ ሥራ ነበረው። ፕላዝማ፣ ማለትም ክፍል ውስጥ የሚያስተምረው ቴሌቪዥን፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ፣ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት፣ ያውም በእንግሊዝኛ ይለቀቅ ነበር። ፍጥነቱ ለጉድ ነው! ጥያቄ ያወጣና እስክሪብቶ ሳታነሳ መልሱን ይነግርሃል። እጅ ብታወጣስ ማን ያይሃል? የእኛ ከተማ መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ፣ የሒሳብ ቲቸራችን ጠመኔ ከኪሱ አይለይም። መብራቱ ድርግም ሲል ክፍሉ በጭብጨባ ይናጋል። እሱም ስክሪኑ የዘለለውን ከሥሩ ጀምሮ በአማርኛ ያስረዳናል። ሎጋሪዝም የገባኝ መብራት በጠፋባቸው ቀናት ነው። ባዮሎጂ ላይ ግን ፕላዝማውን እወደው ነበር። ቤተ ሙከራችን ሁሌም እንደተቆለፈ ነው፤ ልብ እንዴት ደም እንደሚረጭ በተንቀሳቃሽ ምስል ያየነው በእሱ ነው።